ያልተበጠሰው ልጓም

አፊፋ አብዱልጀሊል ያን ቀን ጠዋት የተናገረችውን ባስታወሰች ቁጥር ታፍራለች፤ ዘይኑልአቢዲን ግን ለሰው ሁሉ ሲያወራው አይጠግብም ነበር።

ጊዜው ጥቅምት 1979 ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ የቧንቧውን ውኃ ሳይቀር አድርቆት፣ የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ሠራተኞች ካፖርታቸውን በነጩ ጋወን ላይ ደርበው ይሠራሉ። አፊፋ በአንድ ዓይን ብቻ በሚታይበት አሮጌ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ ከቆላ በመጣ በሽተኛ ደም ውስጥ ወባ ትፈልጋለች። በሩ ተንኳኳና አንድ ረጅም ወጣት ገባ። ጠጉሩ የተንጨባረረ ነው፤ አንገቱ ላይ ወፍራም የሩሲያ ሻርፕ ጠምጥሟል፤ እጁ ላይ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አለ።

«ይቅርታ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ነው የመጣሁት። የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ዘይኑልአቢዲን እባላለሁ። ለተማሪዎቼ ማይክሮስኮፕ እንድታውሱን ነበር።»

«ኃላፊው ጋሼ ወልደአረጋይ ናቸው» አለች ቀና ሳትል።

አቶ ወልደአረጋይ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ገልብጠው ጀርባውንም አዩት። «ያለን ሁለት ነው» አሉ። «አንዱ እሷ የያዘችው ነው። የሌላው ሌንስ ተሰንጥቋል። የተሰነጠቀውን ሐሙስ ሐሙስ ልትወስድ ትችላለህ።»

መምህሩ የተሰነጠቀ ሌንስ ሳይሆን ወርቅ የተሰጠው ይመስል ፊቱ በራ። ወደ አፊፋ ጠጋ ብሎ ለጥቂት ጊዜ ሲመለከታት ቆየና፣ «የኔ ተማሪዎች አንዱን ዓይን ጨፍኑ ስላቸው ሁለቱንም ይጨፍናሉ» አለ። «እርስዎ ግን ሁለቱንም ገልጠው ነው የሚያዩት። እንዴት ለመዱት?»

አፊፋ ቀና አለች። «አልለመድኩትም። ግራው የመስታወት ነው።»

አቶ ወልደአረጋይ ሳል ያዛቸው። አፊፋ ያንን የለመደችውን ፊት፣ «አይ ወጣትነት!» የሚለውን የከንፈር መምጠጥ ጠበቀች። ሰውየው ግን እስከ ጆሮው ቀላና፣ «ታዲያ እኛ ለመጨፈን ስንታገል እርስዎ ተፈጥረውለታላ!» ብሎ አፈነዳው። ወዲያው በመዳፉ አፉን ያዘ።

አፊፋ ሳታስበው ሳቀች። በዓይኗ ምክንያት ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዘይኑልአቢዲን ሐሙስ በመጣ ቁጥር ጠዋት ማይክሮስኮፑን ይወስዳል፤ ከሰዓት በኋላ ይመልሳል። ሊመልስ ሲመጣ ጥያቄ አያጣም። ቀለሙ ስንት ደቂቃ ይቆያል? የግርሻ ትኩሳት ተዋሲያን ሲዋኙ ይታያሉ? ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ሲገባ አቶ ወልደአረጋይ፣ «ይህ ሰው የሚያመላልሰው ማይክሮስኮፑን ነው ወይስ ራሱን?» ማለት ጀመሩ። አፊፋ ያልሰማች መሰለች። ሐምራዊ ሻሿ ግን ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነበር ከሣጥን የሚወጣው።

ቆየት ብሎ ከሥራ ስትወጣ እስከ ብርድ ልብስ ፋብሪካው መንገድ ድረስ አብሯት መሄድ ጀመረ። እሱ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነው፤ ሌኒንግራድ ስድስት ዓመት ተምሮ ከተመለሰ ገና ዓመቱ ነው። ሲያወራ እጁ አያርፍም። ሲሄድ ደግሞ ሁልጊዜ በቀኟ በኩል ነው። በግራዋ ከሆነ እሱን ለማየት አንገቷን ማዞር እንዳለባት ማንም ሳይነግረው ገብቶታል። አፊፋ ይህን ያስተዋለች ቀን የጀመረችው ወሬ ከአፏ ጠፋ።

«እዚያ አገር ምን ነበር የምታጠናው?» ብላ አንድ ቀን ጠየቀችው። ያን ጊዜ «አንተ» «አንቺ» መባባል ጀምረው ነበር።

«ባክቴሪያ። አትሳቂ! ስሚኝ። የሴል መመሪያ ዲ ኤን ኤ ላይ ተጽፏል፤ ይህን ታውቂዋለሽ። መመሪያው ሲፈለግ ቅጂ ይወጣለታል፤ ቅጂው አር ኤን ኤ ይባላል። ቅጂው ይነበብና ፕሮቲን ይሠራል። እኛ የተማርነው አር ኤን ኤ መልእክተኛ ነው፣ አለቀ የሚል ነው። አሁን ግን ምን ተገኘ መሰለሽ? ምንም ፕሮቲን የማይሠራ፣ የሚያደርሰው መልእክት የሌለው አጭር አር ኤን ኤ! ታዲያ ሥራው ምንድን ነው? ሄዶ መልእክተኛው ላይ ይለጠፋል። አፉን ይይዘዋል! መልእክቱ አለ፤ ግን አይነበብም።»

«እና መመሪያው ተበላሸ ማለት ነው?»

ዘይኑልአቢዲን መንገዱ መሃል ቆመ። የፈረስ ጋሪ የሚነዳ ሰው ጮኸበት፤ አልሰማም። «አልተበላሸም» አለ። «ከፊደሉ አንድ አልጎደለም። ዝም ተባለ እንጂ።»

«ዝም የተባለ ነገር ደግሞ መልሶ ሊናገር ይችላል» አለች አፊፋ።

«ይህ በሰውም ውስጥ ቢኖርስ፣ በሽታ ውስጥ ቢገባስ ብዬ ፕሮፌሰሬን ጠይቄው ነበር» አለ። «'ዘይኑል፣ ሰው ባክቴሪያ አይደለም' ብሎ ሳቀብኝ። አንቺ ግን ሳልጨርስ ገባሽ።»

በጥር ወር ስለ ዓይኗ ነገረችው። ሁለት ዓመቷ ነበር። እናቷ ሐዋ በልጇ ዓይን ውስጥ እንደ ድመት ዓይን የሚያበራ ነጭ ነገር አየች። አባቷ ሐጂ አብዱልጀሊል አሊዩ አምባ ላይ ጥጥና በርበሬ የሚነግዱ፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው፤ ሕፃኗን በበቅሎ ወደ አንኮበር አውጥተው፣ አዲስ አበባ አድርሰው አሳከሟት። ዓይኗ ወጣ፤ ነፍሷ ተረፈች። የአገሩ ሰው ግን «የሐዋ ወገን ደም ነው» አለ። ሐዋ ያን ስም እንደተሸከመች አፊፋ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት አረፈች። አፊፋ ራሷ ሃያ ዓመቷ ላይ ታጭታ፣ የእጮኛዋ ቤተሰቦች ያንኑ ቃል ሰምተው ቀሩ።

«አልፈርድባቸውም» አለች። «እኔስ ብሆን? ልጅ ወልጄ ዓይኑ ቢያበራ ምን እሆናለሁ?»

ዘይኑልአቢዲን የሚያጽናናት ሐሰት ስላልነገራት በልቧ አመሰገነችው።

የካቲት ላይ፣ ሐሙስ ሳይሆን ማክሰኞ፣ የላቦራቶሪው በር ሳይንኳኳ ተበረገደ። ዘይኑልአቢዲን ከፖስታ ቤት ድረስ ሮጦ መጥቷል፤ ትንፋሹ ተቆራርጧል፤ የተቀደደ ኤንቨሎፕና የፎቶ ግራፍ ወረቀቶች በእጁ ይዟል። ሌኒንግራድ የቀረ ጓደኛው የእንግሊዝኛ መጽሔት ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ ነው የላከለት።

«ተገኘ! አፊፋ፣ ተገኘ!»

አቶ ወልደአረጋይ ደንግጠው ተነሡ። «ማነው የጠፋው?»

«ልጓሙ!» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «ሴል መከፋፈል ያውቃል አይደል? ማቆምም አለበት። የሚያቆመው እንደ ልጓም ያለ መመሪያ አለው። ሁለት ነው፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። ሁለቱም የጠፉበት ሴል ግን ማቆሚያ የለውም፤ ዕባጭ ይሆናል፣ ካንሰር ይሆናል። ይህን ሲጠረጥሩ ዓመታት ኖረዋል። አሁን አሜሪካ ውስጥ አንዱን ልጓም አግኝተው በእጃቸው ያዙት! በየትኛው በሽታ መሰለሽ...»

እዚህ ላይ ድምፁ ተቆረጠ። ከፖስታ ቤት እስከዚያ ሲሮጥ፣ ለማን ሊነግር እንደሆነ እንጂ ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ አላሰበም ነበር።

«በልጆች ዓይን» አለ ቀስ ብሎ።

አፊፋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ያ ነገር ስም አልነበረውም። አንዴ የሰው ዓይን ነው፣ አንዴ እርግማን ነው፣ አንዴ የሐዋ ደም ነው። አሁን እዚህ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም ታትሟል፤ ቦታ አለው፤ በሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ፈልገው አግኝተውታል። እንባዋ በአንድ ዓይኗ ወረደ፤ ግን እየሳቀች ነበር።

አቶ ወልደአረጋይ፣ «ቀለም አልቆብናል፤ ላምጣ» ብለው ወጡ። ቀለም አላለቀም ነበር።

«እንዳንቺ በአንድ ዓይን ብቻ ሲሆንና በቤተሰብ ሌላ የታመመ ከሌለ፣ ብዙውን ጊዜ በዘር የመጣ አይደለም» አለ ዘይኑልአቢዲን። «በዚያች ዓይን ውስጥ በአጋጣሚ የሆነ ነው። እኔን ግን ሌላ ነገር እየበላኝ ነው። ሁለተኛው ልጓም ሁልጊዜ መበጠስ አለበት? ሳይበጠስ ዝም ሊባልስ አይችልም? እንደ ባክቴሪያው፣ መልእክት የሌለው አንድ አር ኤን ኤ ሄዶ አፉን ቢይዘውስ? ግምት ነው፤ ማንም አላየውም። ግን ከሆነ፣ አስቢው! የተበጠሰ ልጓም ማን ይቀጥላል? ዝም የተባለውን ግን አንድ ቀን...»

«ማናገር ይቻላል።»

«ማናገር ይቻላል!» አለ እጇን ይዞ። እጇን መያዙን ያወቀው ቆይቶ ነው። አልለቀቀም። «ሌላም ነገር አለ፣ አፊፋ። ላገባሽ እፈልጋለሁ።»

«ይህም መጽሔቱ ላይ አለ?» አለች።

«የለም። ይህን እኔ ነኝ ያገኘሁት።»

በግንቦት የረመዳን ጾም ተፈትቶ ዒድ ሲሆን፣ አፊፋ አንድ ደስታ በሆዷ ደብቃ ወደ አሊዩ አምባ ወረደች። ነገሩን ሁለቱ እንዲህ ቆርጠውታል፤ ዘይኑልአቢዲን በዒድ ማግስት እንደ እንግዳ መጥቶ አባቷን ሰላም ይላል፤ ሽማግሌ በኋላ ይላካል።

ቤቱ ውስጥ ወንድሟ ሰላሀዲን፣ ሚስቱ ረሒማና የስምንት ወር ልጃቸው መሊካ አሉ። በማግስቱ ጠዋት አፊፋ መሊካን ታቅፋ ከጨለማው ጓዳ ወደ በረንዳው ወጣች። ሕፃኗ ፀሐይ ሲያገኛት ቀና ብላ አክስቷን አየች፤ ሳቀችም። በቀኝ ዓይኗ መሃል፣ ጥቁር መሆን በሚገባው ላይ፣ ነጭ ነገር ብልጭ አለ።

አፊፋ ሕፃኗን እንዳትጥላት ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

አባቷ ሲሰሙ ፊታቸው እንደ ድንጋይ ሆነ። «ሼኩ ይቅሩባት» አሉ። «ሳምንት እንይ።»

ዘይኑልአቢዲን የደረሰው በዚህ መሃል ነው። የአንኮበርን ቁልቁለት በእግሩ ወርዶ በላብ ተጠምቋል፤ ክንዱ ላይ ለአባቷ በስጦታ ያመጣው የደብረ ብርሃን የሱፍ ብርድ ልብስ አለ። በዚያ ሙቀት ሰዉ ብርድ ልብሱን አይቶ ተጠቃቀሰ። አፊፋ በር ላይ አስቁማ በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። ሰውየው ጥንቃቄ ሁሉ ጠፋበት። ለዒድ የተሰበሰበው እንግዳ መሃል ገብቶ፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ፣ «ሐጂ፣ በሕፃኗ ላይ ያለው በዘር የሚወረስ ጂን ነው! ዛሬውኑ አዲስ አበባ መሄድ አለባት!» አለ።

«አዑዙ ቢላህ!» አለ አንዱ ሽማግሌ። ቤቱ ተናወጠ።

ሐጂ አብዱልጀሊል ቀስ ብለው ተነሡ። «አንተ ሰው፣ በዒድ ቤቴ ገብተህ የልጅ ልጄ ጂን አለባት ትለኛለህ? ጂኑም በዘራችን የሚወረስ ነው?»

«አይ ሐጂ፣ ጂን ስል ያ ጂን ሳይሆን...»

«ውጣ!»

ዕለቱ የገበያ ቀን ነበር። ቀትር ሳይሆን፣ የሐጂ ቤት ጂን አለበት የሚለው ወሬ ከበርበሬ ተራ አልፎ እስከ ከብት ተራ ደረሰ። አፊፋ ዘይኑልአቢዲንን ከመንደሩ ዳር ደረሰችበት፤ ንዴትና እንባ ተናንቋታል።

«ሌላ ቃል አጣህ? ከቃል ሁሉ ጂን?»

«ወላሂ አፊፋ፣ በመጽሐፉም ስሙ ጂን ነው!» ሊያለቅስ ደርሷል።

ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ዋጠችው። «ስማኝ» አለች። «አንኮበር ውጣና መኪና ፈልግልን። ነገ ጎህ ሲቀድ እንደርሳለን።»

«አባትሽ እሺ ይላሉ?»

«እሱን ለእኔ ተወው።»

ወደ ቤት ተመልሳ አባቷ ፊት ቆመች። የመስታወት ዓይኗን አውጥታ በመዳፏ ላይ አስቀመጠች። ካደገች ወዲህ ያለ እሱ ከሐኪም በቀር ማንም አይቷት አያውቅም። ረሒማ ፊቷን ሸፈነች። አባቷ ግን ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«አባዬ፣ የዚያን ጊዜ ሳምንት እንይ ብለው ቢቆዩ ኖሮ፣ ዛሬ ፊትዎ የምትቆም ልጅ አልነበረችም። በበቅሎ ይዘውኝ የወጡት እርስዎ ነዎት። መምህሩ ያለው ጂን ከሰማይ የሚመጣ አይደለም። ሥጋችን ውስጥ ያለ መመሪያ ነው፤ ሴል እንዳያብጥ የሚይዝ ልጓም ነው። መሊካ ዓይን ውስጥ ልጓሙ ጠፍቷል። ወደ አንጎሏ ከሄደ እንቀብራታለን።»

ሐጂ አብዱልጀሊል ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ሰላሀዲን፣ በቅሎዋን ጫን» አሉ።

አንኮበር ሲደርሱ ዘይኑልአቢዲን የጭነት መኪና ይዞ፣ የይለፍ ወረቀት ከቀበሌ አስፈርሞ ጠበቃቸው። ራሱ የሐጂን ዓይን ፈርቶ ከኋላ ከጆንያው ላይ ወጣ። ደጋው ላይ ጉም ወረደ፤ ንፋሱ ያፏጫል። ሐጂ በመስኮት አጮልቀው ሲንቀጠቀጥ አዩትና፣ «ያ የጂን ሰውዬ ደርቆ ሊሞት ነው» አሉ። «ያመጣውን ብርድ ልብስ መልሱለት፤ ይልበሰው።» አፊፋ ከመሊካ ጋር ተጠጋግታ ተቀምጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች።

አዲስ አበባ የተቀበሏቸው ዶክተር ዘርአ ዳዊት የሚባሉ ሽበታም የዓይን ሐኪም ናቸው። በሁለተኛው ቀን የመሊካ ቀኝ ዓይን ወጣ። ዶክተሩ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ወጥተው፣ «ደርሳችኋል» አሉ። «ከዓይኗ አላለፈም። ግራው ንጹሕ ነው። ትኖራለች።» ረሒማ መሬት ላይ ተደፍታ ሰገደች። ሰላሀዲን ግድግዳ ላይ ግንባሩን አስደግፎ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላል።

ቀጥለው ዶክተሩ መላውን ቤተሰብ አንድ በአንድ መረመሩ። የሰላሀዲን ሁለቱም ዓይኖች ጤነኛ ናቸው። የአፊፋ ቀኝ ዓይን ጤነኛ ነው። ሐጂ አብዱልጀሊል ሲቀመጡ ግን ዶክተሩ በግራ ዓይናቸው ላይ ብዙ ቆዩ።

«ሐጂ፣ በዚህ ዓይንዎ በደንብ ያያሉ?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ መሃሉ ላይ ጥላ አለ። የምድጃ ጭስ ነው ይሉኝ ነበር።»

«ጭስ አይደለም። ልጅ ሳሉ እንደ መሊካ ያለ ዕባጭ ጀምሮዎት ነበር። ራሱ ቆመ። አሁን ያለው ጠባሳው ነው።»

ሐጂ እጃቸውን ግራ ዓይናቸው ላይ አደረጉ። «እንግዲያ ከሐዋ አይደለም» አሉ፤ ለማንም አልነበረም የሚናገሩት። «ከእኔ ነው።»

አፊፋ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ዘይኑልአቢዲን እዚያ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። የሰማችውን ስትነግረው ዓይኑ ተንቦገቦገ፤ በቆመበት ዘለለ።

«ጀምሮ ቆመ? ራሱ? አፊፋ፣ የተበጠሰ ቢሆን እንዴት ይቆማል? ምናልባት የአባትሽ ሁለተኛው ልጓም አልተበጠሰም! ዝም ተብሎ ነበር፤ ከዚያ ተመልሶ ተናገረ! ምናልባት ነው፤ ግን...»

ፊቷን ሲያይ ቆመ።

«እኔም ውስጥ አለ ማለት ነው» አለች። «የካቲት ላይ በዘር አይደለም ብለኸኝ ነበር።»

«ብዙውን ጊዜ ነበር ያልኩሽ። አሁን ግን አዎ፣ በዘራችሁ አለ። አንቺም ይዘሽዋል።»

«ልጆቼስ?»

«እያንዳንዱ ልጅ የተበጠሰውን ልጓም የመውረስ ዕድሉ ግማሽ ለግማሽ ነው። የወረሰ ሁሉ ይታመማል ማለት ግን አይደለም። ሰላሀዲን ይዞታል፤ ይኸው በሁለት ዓይኑ ያያል።»

«ልጃችን አይታመምም ብለህ ቃል ትገባልኛለህ?»

መልሱ እሷን ሊያሳጣው እንደሚችል ያውቃል። «አልገባም» አለ። «የማላውቀውን አልምልልሽም። ቃል የምገባልሽ አንድ ነገር ነው። በተወለደ በሳምንቱ እዚህ ዶክተር ዘንድ እናመጣዋለን፤ ከዚያ በየወሩ። ዓይኑ እስኪያበራ አንጠብቅም።»

በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ የነበሩት ዶክተር ዘርአ ዳዊት መነጽራቸውን አወለቁ። «ስለ ልጓሙ ያልከውን ወረቀት ላይ አስፍረው» አሉት። «እውነት መሆኑን አላውቅም። ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው።»

ያን ጊዜ መልሱን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከሃያ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች በሌሎች የካንሰር ልጓሞች ላይ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ፤ ፕሮቲን የማይሠሩ አር ኤን ኤዎች ያልተበጠሰን ልጓም ዝም በማሰኘት እንደሚያግዙም አዩ። የዚያን ዕለት ግን ኮሪደሩ ውስጥ የነበሩት አንድ ሐኪም፣ ብርድ ልብስ የለበሰ መምህርና መልስ ያልሰጠችው አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ።

«ጊዜ ስጠኝ» አለችው አፊፋ።

ክረምቱን ሙሉ ጠበቀ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ እንኳ ሐሙስ ሐሙስ ማይክሮስኮፑን ይወስዳል፣ ይመልሳል፤ ጥያቄ ግን አይጠይቅም። አቶ ወልደአረጋይ በዝምታው ተሰላችተው አንድ ቀን፣ «ኧረ እናንተ ልጆች፣ ታምሜ ልሞት ነው!» አሉ። ሸዋ ሮቢት ያሉት እናቱ ደግሞ ወሬው ደርሷቸው፣ «ከታመመ ደም ጋር አትቀላቀል» ብለው ላኩበት። እሱ መልሶ የላከው አጭር ነበር፤ «እማዬ፣ የሚመጣውን አውቄ ነው የምገባበት።»

በጥቅምት 1980 መጀመሪያ አፊፋ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ሰጠችው። «ሽማግሌ ላክ» ይላል። «መልሱን እዚያ ትሰማለህ።» ለአባቷም አንድ ነገር ብቻ ነው የነገረቻቸው፤ «አባዬ፣ በሐሰት ላይ አላገባም። የሚወስዱኝ የሚወስዱትን ይወቁ።»

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ የአንኮበርን ቁልቁለት ወረዱ። የዘይኑልአቢዲን አጎት፣ ሁለት የሸዋ ሮቢት ሰዎች፣ በበቅሎ ላይ ወገባቸውን እያማረሩ የመጡት አቶ ወልደአረጋይም አሉበት። እናቱም መጥተዋል፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። የአሊዩ አምባ ሰው ከደጅ እስከ ጓሮ ሞልቷል። የጂን ወሬ ምን እንደሚያመጣ ለማየት የመጣም ብዙ ነው። አፊፋ ከመጋረጃው ጀርባ ከረሒማ ጋር ተቀምጣለች፤ መሊካ ጭኗ ላይ ትፈራገጣለች።

አጎቱ ተነሥቶ ልጅቱን ለመነ። ሰው ሁሉ ወደ ሐጂ አብዱልጀሊል ዞረ።

ሐጂ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። «መልስ ከመስጠቴ በፊት የምናገረው አለኝ» አሉ። «የዚህች ልጅ ዓይን ሲወጣ፣ ይህ አገር የሐዋ ደም ነው አለ። እኔም ሰማሁ፤ ዝም አልኩ። አመንኩትም። ሚስቴ ይህን ስም እንደተሸከመች ሞተች። ዘንድሮ ሐኪም ዓይኔን አየ። በሽታው ከእኔ ነው የመጣው፤ ከእኔ ወደ ልጆቼ፣ ከሰላሀዲን ወደ መሊካ። ሐዋ ንጹሕ ነበረች። አላህ ይማረኝ፤ እሷም ትማረኝ።» ድምፃቸው ተሰበረ፤ ግን አልተቀመጡም። «አሁን የምትጠይቁትን አውቃችሁ ትጠይቁ እንደሆነ ጠይቁ። መሄድ የሚፈልግም ይሂድ፤ አልቀየምም።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከሴቶቹ ወገን የዘይኑልአቢዲን እናት ተነሡ። አፊፋ በመጋረጃው ቀዳዳ አየቻቸው፤ ሊወጡ ነው ብላ ትንፋሿን ያዘች። ሴትየዋ ግን ወደ በሩ አልሄዱም። መጋረጃውን ገልጠው ገቡ፤ መሊካን ከጭኗ አንሥተው አቀፏት፤ አጠገቧም ቁጭ አሉ።

«ሼኩ እዚሁ ናቸው» አሉ ሐጂ። «ልጄ ከፈቀደች ኒካሑ ዛሬ ይታሰር።»

ሁለት ምስክሮች ወደ መጋረጃው መጡ። አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አፊፋ ቢንት አብዱልጀሊል፣ ዘይኑልአቢዲንን ለባልነት ትፈቅጃለሽ ወይ?» አለ። እንደ ደንቡ ትንሽ ጠበቀና ወደ ሼኩ ዞረ። «ዝም ብላለች። ዝምታዋም እሺታዋ...»

«ዝም አላልኩም!»

ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ቀና አለ። አፊፋ ቆማለች፤ ድምፅዋ መጋረጃውን አልፎ፣ ደጁን አልፎ፣ ከቤቱ ውጭ ፀሐይ ላይ የቆሙት ሰዎች ዘንድ ደረሰ።

«ሁሉንም አውቄ፣ ሁሉንም ሰምቼ፣ እኔ ራሴ ወድጄ እሺ ብያለሁ!»

«እኔም! እኔም እሺ ብያለሁ!» አለ ከወንዶቹ መሃል አንድ የተጣደፈ ድምፅ።

«ቆይ አንተ ሰው፣ አንተን ገና አልጠየቅንህም!» አሉ ሼኩ፤ ግን እሳቸውም እየሳቁ ነበር፤ ሴቶቹ እልልታውን አቅልጠውት ቀሪውን ቃላቸውን ማንም አልሰማውም።